ጀልባዬ ውስጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አለ፣ ከየት እንደሚመጣ እንዴት ላግኘው?

ሸራ_ሲያትል

ሰላም ለሁላችሁም። ሲያትል ነው የምኖረው፣ ጀልባዬ ሺልሾል ቤይ ማሪና ነው የምትቆመው። 30 ጫማ የፋይበርግላስ ሸራ ጀልባ ናት፣ የ1984 ስሪት፣ ከገዛኋት ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ጀልባ ያላችሁ ሀበሾች እንዳላችሁ ስላየሁ በአማርኛ ልጠይቅ ብዬ ነው፣ በእንግሊዝኛ ብዙ አንብቤያለሁ ግን አንዱ ወለሉ ነው ሲል ሌላው ማስቱ (ሸራው የሚሰቀልበት ረጅም ምሰሶ) ነው እያለ ግራ አጋቡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንፋሱ 12፣ 13 ኖት (የባህር ላይ ፍጥነት መለኪያ) ሲደርስና ወደ ንፋሱ ተጠግተን ስንሄድ፣ ጀልባዋ ጋደል ስትል ማለቴ ነው፣ ውስጥ ድምፅ ይጀምራል። ማዕበሉ ላይ ስትወጣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጢጥ ትላለች፣ ስትወርድ ቋ! ትላለች፣ ከዛ እንደገና። መሪው ጋ ለቆመ ሰው ብዙም አይሰማም ውስጥ የገባ ግን መቀመጥ አይችልም። ባለቤቴ ከኩሽናው ጀርባ ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ ከመፀዳጃው በላይ ጣሪያው ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ወንድሜ መሪውን ይዞልን ሁለታችን እጃችንን ግድግዳው ላይ እያደረግን እየተጠራራን ስንፈልግ አንድ ሰአት ፈጀብን፣ ምንም አላገኘንም። የሰባት አመት ልጄ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ አልተኛም ብላለች፣ አባዬ ጀልባዋ ልትሰነጠቅ ነው ትለኛለች፣ አይዞሽ እላታለሁ እንጂ እኔም ውስጤ አላመነም።

ሌሊት ማሪና ላይ ታስራም ድምፅ አላት። እስካሁን ያገኘሁትን ቪቴ ሁሉ አጥብቄያለሁ፣ ወለሉ ላይ የሚረጭ ዘይት ነፍቼበታለሁ፣ ለአንድ ሳምንት ጥሩ ሆነና ተመለሰ። ሀምሌ ላይ ቤተሰቡን ይዤ ሳን ሁዋን ደሴቶች መሄድ እፈልጋለሁ፣ ከዛ በፊት ይሄ ነገር ዝም ብሎ የሚያስቸግር ድምፅ ነው ወይስ አደጋ ያለው ነው የሚለውን ማወቅ አለብኝ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ሚሚ_ጎተንበርግ

ሰላም ወንድሜ፣ እኛም እዚህ ስዊድን 31 ጫማ አሮጌ ጀልባ አለን፣ ያልከውን ድምፅ በደንብ አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያው አመት እንቅልፍ ነስቶን ነበር።

መጀመሪያ በጆሮህ ብቻ መፈለግ ተው። የፋይበርግላስ ጀልባ እንደ ከበሮ ናት፣ ድምፁ አንድ ጋ ይነሳና በአካሏ ሁሉ ይሄዳል፣ መንገዱ ላይ ባዶ ቁምሳጥን ካገኘ እዛ ውስጥ ገብቶ ይጎላል። ለዛ ነው እሷ ኩሽና አንተ ጣሪያ የምትሉት። ድምፅ ማለት ሁለት ነገር ሲፋተግ ነው፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ፈልግ፣ እሱን ካገኘህ ድምፁን አገኘህ።

እኔ እንዲህ ነው ያደረግኩት። መጀመሪያ ቁምሳጥኑን መሳቢያውን ድስቱን ጠርሙሱን የህይወት ጃኬቱን ሁሉ አውጥቼ ማሪናው ላይ ደረደርኩት፣ ግማሹ ጫጫታ በዛው ሄደ። ከዛ በእርሳስ መገጣጠሚያ መገጣጠሚያው ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ግማሹ መስመር አንዱ እንጨት ላይ ግማሹ ሌላው ላይ እንዲሆን አድርጌ፣ ግድግዳው ከወለሉ ጋር፣ ግድግዳው ከጣሪያው ጋር፣ ሶፋው ከግድግዳው ጋር እያልኩ። ወጥተን ጀልባዋ በቀኝ ጋደል ስትል ስልኬን ይዤ ፎቶ አነሳሁ፣ ዞረን በግራ ስትጋደል ደግሞ እንደገና። መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ እሱ ነው እየተንቀሳቀሰ ያለው። አይንህ የማያየውን እርሳሱ ያሳይሃል።

ሌላው ደግሞ የታጠፈ ካርቶን ወይም ቀጭን ሽብልቅ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ግባ። ድምፁ ባለበት ሰአት የጠረጠርከው ክፍተት ውስጥ ሰካ አድርግ፣ ዝም ካለ አገኘኸው፣ ካልሆነ አውጣና ወደሚቀጥለው። አንድ በአንድ ብቻ፣ ሶስት ቦታ በአንዴ ከሰካህ የትኛው እንደሰራ አታውቅም። መዳፍህን ከምታሳርፍ ደግሞ ጣትህን መገጣጠሚያው ላይ በሁለቱ እንጨቶች መሀል አሳርፈው፣ ትንሹን መንቀጥቀጥ እንኳን ይሰማሃል።

እና አሁን የምጠይቅህ፣ ንፋስ ላይ ስትሆኑ የመፀዳጃው በር ይዘጋል ይከፈታል? ይሄን ንገረኝ በደንብ።

አናጢው_ቨርጂኒያ

እኔ ጀልባ የለኝም፣ አሌክሳንድሪያ የቤት እቃ ነው የምሰራው ግን አናፖሊስ የሚያቆም ጓደኛ አለኝ የሱን ጀልባ ውስጡን እንጨቱን በሙሉ ሰርቼለታለሁ፣ ስለዚህ ስለ እንጨቱ ብቻ ልናገር።

ወንድም የሚረጨውን ዘይት አቁም። ዘይቱ ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል ከዛ አቧራ ይይዝና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፣ ለዛ ነው ከሳምንት በኋላ የተመለሰብህ። ሲሊኮን ያለበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ እንጨቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ቫርኒሽም አይዝ፣ ኢፖክሲም (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ኮላ) አይዝ፣ አንድ ቀን እዛ ቦታ ላይ ኮላ ማድረግ ብትፈልግ ታለቅሳለህ።

ለወለሉ ጣውላውን አንሳው። ከስር የሚያርፍበትን ተሸካሚ እንጨትና የጣውላውን ጠርዝ በባትሪ እየው፣ የሚፋተገው ቦታ እንደ ተወለወለ ያብረቀርቃል ወይ ደቃቅ ሰጋቱራ ይኖረዋል፣ እዛ ጋ ደረቅ ሻማ ወስደህ በደንብ እሸው። የጧፍም ይሆናል የፈለከው ሰም ይሁን። ጠርዙ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ሁለት ሶስት ሚሊ ሜትር ላጥ አድርግለት እንጨት ይተነፍሳል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል ሂተር ሲበራ ይደርቃል። ተሸካሚው ላይ የሱፍ ጨርቅ የሚለጥፉ አሉ፣ ጀልባ ላይ አልወደውም ውሃ ይይዛል ከዛ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ስስ ቡሽ ወይም ስስ የፕላስቲክ ቴፕ ይሻላል።

ቪቴ አጥብቄያለሁ ያልከውንም ልብ በል። ቀዳዳው የላላ ከሆነ ብታጠብቀው ለጊዜው ይያዛል እንጂ ራሱ ቪቴው ቀዳዳው ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቪቴውን አውጣ፣ ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ አዲስ ቀዳዳ ብሳና አስገባ። እና ሁሉንም ነገር በኮላ አትለጥፍ፣ የሚከፈተው መከፈት አለበት፣ ከስሩ ቧንቧ አለ ሽቦ አለ፣ አንድ ቀን ውሃ ሲገባ በሰከንድ ማንሳት ያለብህ ወለል ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ሲጢጢጥ ለሚለው ነው። ቋ ያልከው ለኔ የቤት እቃ ድምፅ አይመስለኝም፣ እሱን ባህር የሚያውቁት ይናገሩ።

ሸራ_ሲያትል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ሚሚ እህቴ ስለ መፀዳጃው በር ስትጠይቂኝ ደነገጥኩ ምክንያቱም ልክ ነሽ፣ ማሪና ላይ ሆና ይዘጋል፣ ንፋስ ላይ ስንሆን ግን ከላይ በኩል ይይዛል በጉልበት ነው የምንገፋው። የበሩ ችግር መስሎኝ ላጥ ላደርገው ነበር! የእርሳሱን ነገር ቅዳሜ እንሞክራለን።

ባህረኛ_በርገን

ልጄ በሩን እንዳትነካው። በሩ እየነገረህ ነው።

እኔ ወጣት ሳለሁ ምፅዋ ባህር ሃይል ውስጥ ነበርኩ፣ መኪና ክፍል ነው የሰራሁት፣ ኋላ ኖርዌይ መጥቼ እዚህም ከጀልባ አልተለየሁም። አለቃችን ያስተማረን አንድ ነገር ነበር፣ ረጅም ካቻቪቴ ወስደህ ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮህ ስር አጥንቱ ላይ ታደርገዋለህ፣ በዛ ሁሉ ጫጫታ መሀል የትኛው ኩሽኔታ እንደታመመ ለይተህ ትሰማለህ። ላንተም ይሰራል፣ ካቻቪቴ ከሌለህ የመጥረጊያ እንጨት ይሁን። በአየር የሚመጣው ድምፅ ያሳስትሃል፣ በእንጨቱ ውስጥ የሚመጣው ግን ቦታው ላይ ስትደርስ ይጮሃል። ልጅህንም አሰማት፣ ምን እንደሆነ ካወቀችው አትፈራውም።

አሁን በሩ። ያንተ ማስት ጣሪያው ላይ ነው የሚቆመው እንጂ እስከ ታች አይወርድም ብዬ እገምታለሁ፣ ከስሩ ውስጥ አንድ ምሰሶ ይኖራል፣ ከምሰሶው አጠገብ ደግሞ ጀልባዋን ከጎን እስከ ጎን የሚከፍለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ፣ በልክሄዱ። ንፋስ ሲመጣ ማስቱ ጣሪያውን ቁልቁል ይጫነዋል፣ ከጎን የያዙት ሽቦዎች ደግሞ የጀልባዋን ጎን ሽቅብ ይስባሉ፣ ልክ ደጋን ሲወጠር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ችለው የሚይዙት ምሰሶውና በልክሄዱ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከላላ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ የበሩ ፍሬም ይጣመማል፣ በሩ ይይዛል። ስለዚህ ሶስት ነገር ታያለህ።

ምሰሶው የሚያርፍበት ስር፣ ወለሉን አንስተህ። ብዙ ጀልባ ላይ እዛ ስር እንጨት አለ፣ ለብዙ አመት ውሃ ውስጥ ኖሮ ይበሰብሳል፣ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርገው፣ ከገባ ወይ ውሃ ካወጣ ሌላ ነገር አታስብ ወደ ባለሙያ። ሁለተኛ በልክሄዱ ከጀልባዋ አካል ጋር የተያያዘበት ጥግ፣ እዛ በፋይበርግላስ ጨርቅ ነው የተለጠፈው፣ ይላቀቃል። ሶስተኛ ሽቦዎቹ፣ 15 ኖት ላይ ሆነህ በማይጫነው በኩል (ንፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን) ያለው ሽቦ እየተወዛወዘ ከሆነ ልል ነው። ልል ሲሆን ማዕበል ላይ ማስቱ ይዘላል፣ ቋ የሚለውም እሱ ሊሆን ይችላል።

ሌሊት ማሪና ላይ ስለምትሰማው ብዙ አትጨነቅ። ሸራ ላይ የምታሰማውና ታስራ የምታሰማው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ጀልባዋ የታሰረችበት ናይለን ገመድ ሲሳብ ማሰሪያው ብረት ላይ ይንቋቋል፣ አልጋህ ደግሞ ልክ ከስሩ ነው። ባልዲ ውሃ ገመዱ ላይ ድፋበት፣ ዝም ካለ ገመዱ ነበር። መሪውንም እሰረው፣ ሲወዛወዝ ኳ ኳ ይላል።

ሚሚ_ጎተንበርግ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔም በሩን የጠየቅኩት ለዚሁ ነው፣ የኛም እንደዛ ነበረች። የኛ በልክሄዱ ነበር። ስለሱ ትንሽ ልጨምርልህ ምክንያቱም ካልፈታኸው አታየውም። ሶፋው ስር ያለውን ቁምሳጥን ባዶ አድርገህ እጅህን እስከ ጥጉ አስገባ፣ የፋይበርግላሱ ጨርቅ ከእንጨቱ ጋር የተገናኘበት ጠርዝ ላይ የባንክ ካርድህን ለማስገባት ሞክር። አንድም ቦታ መግባት የለበትም። ከገባ እየጎተትክ ሂድ፣ እስከየት እንደሚሄድ ለካው። የካቻቪቴ እጀታም ይዘህ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው፣ የተያያዘው ጠንካራ ድምፅ አለው የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጥህ። ብዙ ጊዜ የሚላቀቀው ከእንጨቱ በኩል ነው፣ ከጀልባዋ አካል በኩል አይደለም፣ በተለይ የቲክ እንጨት ሽፋን ያለው ኮምፔንሳቶ ከሆነ ቲክ በተፈጥሮው ቅባት አለው ከጊዜ በኋላ ይለቃል።

እና ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት ብረት ጣሪያውን ሰንጥቆ የሚወርድበትን ቦታ እይ። ከእሱ በታች በልክሄዱ ጠቆር ያለ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው። መጀመሪያ ውሃውን ሳታቆም ብትለጥፍ ሁለት አመት አይቆይም።

ሸራ_ሲያትል

ሶስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ፣ ስራ ላይ ነበርኩ፣ ጀልባዋ ላይ ማለቴ ነው። ልክ እንዳላችሁት ሆነ፣ እስቲ በዝርዝር ልጻፈው ሌላ ሰውም ይጠቅመዋል።

እርሳሱ መጀመሪያ። ቅዳሜ 14 ኖት አካባቢ ነበር፣ ባለቤቴ መሪውን ይዛ እኔና ልጄ ውስጥ ገባን። አስራ አንድ ቦታ ነበር ያሰመርኩት፣ ዘጠኙ ምንም አልሆኑም። አንዱ ወለሉ ጋ ትንሽ ሄዷል። ዋናውን በልክሄድ ከቀኙ ሶፋ ጋር የሚያገናኘው መስመር ግን በአንዱ በኩል ስንሄድ ቀጥ ያለ ነው፣ ስንዞር ሶስት ሚሊ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይታያል። ልጄ ናት መጀመሪያ ያየችው። ካቻቪቴውን ጆሮዋ ስር አድርጌላት ሰማችው፣ አባዬ እዚህ ነው የሚያወራው አለች። እኔም አደመጥኩት፣ ኩሽናው ጋ እንደ ሹክሹክታ ነው እዛ ጋ ግን ጆሮ ይበሳል።

ማሪና ተመልሰን ሶፋውን ፈታሁት። ካርዱን ሳስገባው ያለምንም ችግር ገባ፣ እየጎተትኩ ሄድኩ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቁ ከእንጨቱ ለቋል፣ ከስሩ ቡናማ ዱቄት የመሰለ የእንጨት ብናኝ ተከምሮ ነበር። ከላይ ደግሞ ሽቦው የታሰረበት ብረት ስር እንጨቱ ጠቁሯል፣ ሚሚ እንዳልሽው። የብረቱ መውጫ ላይ ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ልጄ በላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ውሃ ስታፈስ እኔ ከስር ሆኜ በባትሪ አየሁት፣ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። የምሰሶውን ስር ወጋሁት፣ ደረቅና ጠንካራ ነው እግዚአብሔር ይመስገን።

አሰራሩን ለሚፈልግ። መጀመሪያ ብረቱን ፈትቼ አፀዳሁና በቡቲል (እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የጎማ ማሸጊያ) አሸግኩት። ከዛ ማድረቂያ ማሽንና ቬንትሌተር ሁለት ሳምንት ሙሉ አበራሁበት፣ እንጨቱ ጠቁሯል እንጂ አልበሰበሰም፣ በካቻቪቴ አልገባም አለ። የለቀቀውን ጨርቅ ቆርጬ አወጣሁ፣ በግራይንደር ሁለቱንም በኩል እስከ ንፁህ እንጨትና እስከ ንፁህ ፋይበርግላስ ድረስ አነሳሁት። ይሄን ስትሰሩ ያለ ጥሩ ማስክ፣ ያለ መነፅርና ያለ ረጅም እጅጌ እንዳትጀምሩት፣ ብናኙ ሳንባ ላይ መጥፎ ነው ቆዳ ላይም እንደ እሾህ ነው፣ የቀረውን ጀልባ በፕላስቲክ ሸፍኑት። በአሴቶን ጠረግኩት፣ ጥጉን በወፈረ ኢፖክሲ በማንኪያ ጀርባ ክብ አድርጌ ሞላሁት፣ ገና ሳይደርቅ ሶስት ድርብ ባያክሲያል (ክሮቹ በሁለት አቅጣጫ የሚሄዱ) የፋይበርግላስ ጨርቅ አለበስኩት፣ ጠባቡን መጀመሪያ ሰፊውን መጨረሻ። ከቤት ያመጣሁትን ሂተር አጠገቡ አድርጌ አደርኩ፣ እዚህ ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ኢፖክሲ ብርድ ላይ አይደርቅም።

አናጢው ወንድሜ፣ ወለሉን እንዳልከኝ አነሳሁት፣ አንዱ ጠርዝ እንደ መስታወት ያበራ ነበር፣ ሁለት ሚሊ ላጥ አደረግኩትና የቤተክርስቲያን ጧፍ ቁራጭ ነበረኝ አሸሁት፣ ዝም አለ። የረጨሁትን ዘይት ግን በአሴቶን ሳጥብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጋሼ፣ ገመዱ ላይ ውሃ ደፋሁበት፣ በዛው ቅፅበት ዝም አለ። አሁን የሚፋተግበት ቦታ ላይ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ቆርጬ ጠቅልዬበታለሁ።

ትላንት 16 ኖት ላይ ወጣን። ቋ የሚለው የለም። ሲጢጢጡም የለም፣ ውሃው ጎኗ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ልጄ ፊት አልጋው ላይ ከፖርት ታውንሰንድ እስከ ሺልሾል ተኝታ መጣች። በሩ ግን ከላይ አሁንም ትንሽ ይነካል፣ እና በማይጫነው በኩል ያለው ሽቦ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። እሱን ላጥብቀው? ስንት ዙር?

ባህረኛ_በርገን

እሰይ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። አዎ ታጠብቀዋለህ፣ ግን ማሪና ላይ ሆነህ ብቻ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት። በሸራ እየሄድክ በሚጫነው በኩል ያለውን እንዳትነካ። መጀመሪያ የሽቦው ማጥበቂያ ራሱን እንዳይፈታ የሚይዙትን ትንንሽ ቁልፎች (ፒኖች) አውጥተህ የማጥበቂያውን ጥርስ ቅባት ቀባው፣ አይዝጌ ብረት ደረቁን ካዞርከው ይነክስና ይቀራል። ከዛ ክራር ሲቃኝ እንደሚደረገው ነው፣ ግማሽ ዙር ከቀኝ ግማሽ ዙር ከግራ፣ ያዞርከውን ወረቀት ላይ እየጻፍክ። በየመሀሉ ከማስቱ ስር ቆመህ ሽቅብ እየው፣ ወደ አንድ ጎን መታጠፍ የለበትም። የሽቦ መለኪያ ጌጅ የሚያውስህ ሰው ማሪናው ላይ አታጣም፣ ለካው። ከዛ ውጣና 15 ኖት ላይ እንደገና እየው፣ በማይጫነው በኩል ያለው ላላ ማለቱ ያለ ነው መወዛወዝ ግን የለበትም።

ስትጨርስ ቁልፎቹን መልሰህ ማስገባትህን ሁለት ጊዜ እየው፣ ካልገባ ሽቦው ራሱን ፈትቶ ማስቱ ይወድቃል። በሩ ከዛ በኋላም ከያዘ እዚህ ተመልሰህ ጻፍልኝ፣ ያኔ ጣሪያውን ነው የምናየው።